ቤድፎርድ የፎርድ ልጅ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ዕድሜዬን በመሪ ላይ የጨረስኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ ሹፌር ነኝ። ስለ ድሮ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ እያለኝ ነበር የጀመርኩት። መሃሉ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ቤድፎርድ የሚባለው የጭነት መኪና የፎርድ ኩባንያ ሥራ ነው ይላል። አይደለም። ቤድፎርድ የሌላው የአሜሪካ መኪና ሠሪ፣ የጄኔራል ሞተርስ ልጅ ነው። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ መቶ ዓመት ሙሉ ገበያ ሲነጣጠቁ የኖሩ ባላንጣዎች ናቸው።

ጸሐፊውን አልወቅስም። እዚህ ደሴም ስንቱ ሰው እንደዚያ ያምናል። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ ጫፉ ላይ ፎርድ አለበት። የኛዋ መኪና ደግሞ ጭራሽ አሳሳተች። አባቴ የሚነዳት፣ ቲኬ የሚባለው ዓይነት ቤድፎርድ ግንባሯ ላይ ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደል ተራርቆ ተደርድሮባት ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ነው የታሰረው። አንድ ሌሊት አሰብ ላይ፣ ዕቃ የሚጫንበት ግቢ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የነበረ ሌላ መኪና ፊቷን ገጨና ሦስቱን ፊደል አረገፋቸው። ቤድ ወደቀ፣ ፎርድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ስንደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ፎርዱ መጣ! ፎርዱ መጣ!» እያለ ይከተለን ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ይከፋው ነበር። «ፎርድ ሌላ፣ ይቺ ሌላ። ሰው በስሙ ነው የሚጠራው» ይል ነበር። አስመራ የተማረ አንድ መካኒክ ወዳጅ ነበረው፤ ነገሩን ያስረዳው እሱ ነው። እኔም ያኔ የሰማሁትን ይዤ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በልጅ ልጄ ስልክ እየፈለግኩ ብዙ አነበብኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጋሪ ነው። ዊሊያም ዱራንት የሚባል ሰው ሚሺጋን ውስጥ፣ ፍሊንት በምትባል ከተማ፣ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ እያሠራ ይሸጥ ነበር። በጋሪ ከበረ። ከዚያ በ1904 ቢዩክ የሚባለውን መኪና ፋብሪካ እጁ አስገባ። (የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ ዓመት፣ የራሴን በኛው ነው የምጽፈው።) በ1908 መስከረም ላይ ጄኔራል ሞተርስን አቋቋመ። ወዲያው መግዛት ጀመረ። ኦልድስሞቢልን ገዛ፣ ካዲላክን ገዛ። በ1909 ሄንሪ ፎርድንም ሊገዛው ነበር። ፎርድ 8 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ዱራንት ብድር ፈለገ፣ ባንኮቹ እንቢ አሉ። ያን ቀን እሺ ቢሉት ኖሮ ጋዜጣችሁ ዛሬ ልክ ይሆን ነበር።

የዚህን ሰው ነገር ሳስበው ልቤ ያዝናል። በ1910 ዕዳ በዛና ባለባንኮቹ ከራሱ ድርጅት አስወጡት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ሉዊ ሼቭሮሌ ከሚባል የስዊስ ተወላጅ የውድድር ነጂ ጋር ሆኖ በ1911 ሼቭሮሌትን መሠረተ። በሼቭሮሌት አትርፎ አክሲዮን እየሰበሰበ በ1916 ጄኔራል ሞተርስን መልሶ ያዘ። በ1920 እንደገና ወጣ። በስተርጅናው እዚያው ፍሊንት ውስጥ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ያስተዳድር ነበር። በ1947 ሞተ። ያን ሁሉ ያቆመ ሰው!

ከሱ በኋላ በ1923 ጄኔራል ሞተርስን ሊመራ አልፍሬድ ስሎን መጣ። ፎርድ ሞዴል ቲ የሚባል አንድ መኪና ብቻ እያወጣ እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ሸጧል። ስሎን ግን እንደየኪሱ አደረገው። ገንዘብ ለሌለው ሼቭሮሌት፣ ለሀብታም ካዲላክ፣ መሃል ላይ ላለውም መሃለኛ። በዚያ ፎርድን አለፉት። ከ1931 ጀምሮ ሰባ ስድስት ሰባ ሰባት ዓመት በሽያጭ የዓለም አንደኛ ሆነው ቆዩ።

አሁን ወደ ቤድፎርድ። ጄኔራል ሞተርስ በ1925 እንግሊዝ አገር ቮክሰል የሚባለውን ፋብሪካ ገዛ። ፋብሪካው ሉተን ከተማ ነው። ሉተን ያለችበት አውራጃ ቤድፎርድሺር ይባላል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው፤ ከሄንሪ ፎርድ ጋር ዝምድና የለውም። ቤድፎርድ በሚል ስም የመጀመሪያው የጭነት መኪና በ1931 ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር ሩብ ሚሊዮን ያህል መኪና ሠርተዋል። የኛዋ ቲኬ ደግሞ በ1960 ገበያ የወጣችው ዓይነት ናት።

ቲኬን የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ሞተሯ ከፊት አይደለም። ኮፈን የላትም። ሞተሩ ያለው ከመቀመጫው ጀርባ ነው። ከሹፌሩ በር ኋላ ሌላ ትንሽ በር የሚመስል ክዳን አለ፣ በረዳቱም በኩል እንደዚሁ። እሱን ስትከፍተው ሞተሩ ጎኑን ሰጥቶህ ቁጭ ብሏል። መሬት ላይ ቆመህ ትሠራለህ፤ እንደ ሌላው መኪና ፓራውልት ላይ ወጥተህ አትንጠለጠልም። ካቢናው ውስጥም ሦስት ሰው ተዘርግቶ ይቀመጣል። ለረዳት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ረዳት የሆንኩት በ1963 ዓ.ም. ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ታኮ (መኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባው እንጨት)፣ ውሃ፣ ጎማና ሸራ ነበር። ከደሴ ተነስተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አባቴ አናቱ ላይ ያቆማታል። ወርጄ ጎማውን አንድ በአንድ በመዶሻ እመታለሁ። በደንብ የተነፋ ጎማ ድምፁ ጥርት ይላል፣ የጎደለው ዱፍ ይላል። ከዚያ በከባድ ማርሽ እንወርዳለን። ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ የከፍታው ልዩነት ግን 600 ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ፍሬን አያበዛም ነበር። «ፍሬን ለክፉ ቀን ነው» ይላል። እኔ ታኮውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምወርደው። ከእንጨት የተጠረበ፣ በሽቦ እጀታ የታሰረ ታኮ ነው። ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኖ ነበር። እስካሁን አለኝ።

ከኮምቦልቻ በደጋን፣ በገርባ፣ ባቲ። ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ነው፣ ግመሉ መንገድ አያስኬድም። ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዶቢ እያልን አሰብ። ዶቢ ላይ ሙቀቱ ሌላ ነው። ብረት መንካት አይቻልም። ቀን ጥላ ፈልገን መኪናዋ ሥር እንተኛለን፣ ማታ እንነዳለን። አንዴ ሳልባትዮው፣ የናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ በድንጋይ ተበሳና ናፍጣው መንጠባጠብ ጀመረ። አባቴ የልብስ ሳሙና ቆረሰ። በጣቱ እያሸ እንደ ሊጥ አለሰለሰውና ቀዳዳው ላይ ለጠፈው። ሳሙናን ናፍጣ አያሟሟውም። እንደዚያው ሆነን ባቲ ድረስ ወጣን።

ያስለቀሰን ግን ሌላ ነው። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ነው ብሎ የሸጠን ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ክፍል ይዞ የሚያዞር ብረት) ከሚሌ ወዲያ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ተፈረካከሰ። አሮጌ ነበር። አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በወረቀት ጠቅልለው ነው የሸጡት። ሦስት ቀን በረሃ ላይ ተቀመጥን። ውሃ ያጠጡን የአፋር ከብት ጠባቂዎች ናቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ ዕቃ ሲገዛ ሸታትቶ፣ በጥፍሩ ፍቆ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ አሽከርክሮ ነበር የሚገዛው። መኪና ይሠራሃል፣ መኪና ይገድልሃል፤ መሃል ላይ ያለው ግን ሰው ነው።

ለዚህ ነው የፋብሪካውን ሠራተኞች ታሪክ ሳነብ እንደ ዘመድ የማያቸው። በ1936 መጨረሻ ፍሊንት ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ከፋብሪካው አንወጣም ብለው እዚያው ማሽኑ ዘንድ ተቀመጡ። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው። 44 ቀን ቆዩ። በ1937 የካቲት ላይ ኩባንያው ማኅበራቸውን ተቀብሎ ተስማማ። መኪናው ላይ ስማቸው አልተጻፈም። እኔ ግን ያቺን ትንሽ ክዳን ስከፍት የሰው እጅ ነበር የሚታየኝ።

1977 ዓ.ም.ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ያኔ መሪ ይዣለሁ፣ አባቴም ገና በሥራ ላይ ነበር። ከአሰብ የምንጭነው የእርዳታ ስንዴ ነበር። ባቲ መጠለያው አጠገብ ስንደርስ አባቴ ጥሩንባ አይነፋም፤ ሞተሩን እንኳ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሰዉ ድምፅ ሲሰማ ሊነሳ ይሞክራል፣ አቅም የለውም፤ ያንን ማየት አልቻለም። ከረጢቱ ሲራገፍ መኪናው ወለል ላይ የቀረውን ፍሬ በእጁ ጠርጎ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለእናቶች ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ጊዜ ብዙ ተጽፏል። ስንዴውን ስላመላለሱት ሹፌሮችና ረዳቶች ግን ያነበብኩት ጥቂት ነው።

የቤድፎርድ መጨረሻ በ1986 ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከባድ መኪና ማምረቱን እንደሚያቆም ተናገረ፣ በዓመቱ ፋብሪካውን ሸጠው። እኛ ጋ ቲኬዎቹ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ጽሑፋችሁ ላይ ያልተነሳ አንድ ነገር እዚህ ጋ አለ። ዛሬ ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ወደ አቀስታ፣ ወደ መካነ ሰላም የሚመላለሰው ጭነት በብዛት በምንድን ነው? በአይሱዙ ነው። ሰው የሚሳፈርበት ቅጥቅጥም ከሥሩ አይሱዙ ነው። አይሱዙ የጃፓን ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጄኔራል ሞተርስ በ1971 የአይሱዙን 34 በመቶ ያህል ድርሻ ገዝቶ ነበር፤ ጠቅልሎ የወጣው በ2006 ነው። ሉተን ያለው የቤድፎርድ የቀላል መኪኖች ፋብሪካ ራሱ በ1987 ለአይሱዙና ለቤድፎርድ የጋራ ሆኖ ነበር። እንግዲህ አባቴ በቤድፎርድ፣ እኔ በአይሱዙ ስንለፋ፣ ሳናውቀው ለረጅም ጊዜ በአንድ ቤት መኪና ነበር የምንሠራው።

ያ ትልቅ ኩባንያም ወድቋል። በ2009 ሰኔ 1 ቀን ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ነው ገንዘብ አፍስሶ ያነሳው። በ2014 ደግሞ ቁልፉ የሚገባበት ማስነሻ ጉድለት አለበት ተብሎ 2.6 ሚሊዮን መኪና ለጥገና መልሶ ጠራ። እየተነዳ ሳለ ቁልፉ ተንሸራትቶ ሞተሩ ይጠፋል፣ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቱም አይነፋም። 124 ሰው በዚህ ሳቢያ እንደሞተ ለካሣ የተቋቋመው አካል አረጋግጧል። የሚያንገበግበኝ ኩባንያው ውስጥ ነገሩን ከዓመታት በፊት ያወቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። ትንሽ ዕቃ ናት። የኛም ኩሽኔታ ትንሽ ዕቃ ነበረች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ላይ ባየሁት ነገር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ቲኬ በኦክሲጅን እየተቆረጠች ነበር። ካቢናዋ ተነስቶ መሬት ላይ ተገልብጧል። ያቺ የጎን ክዳን ለብቻዋ ተወርውራለች። ልጆቹን «ምን መኪና ናት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ፎርድ ናት» አሉኝ። በሳምንቱ ጋዜጣችሁ ላይም ያንኑ አገኘሁት።

እባካችሁ ማስተካከያውን በዚያው ገጽ ላይ አውጡልኝ። ከተቻለም አንባቢዎቻችሁን ጠይቁልኝ፤ በወልዲያም፣ በሐይቅም፣ በባቲም የአባቱን የመንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ ወይም መኪናው አጠገብ የተነሳውን ፎቶ ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም። እኔ የአባቴን መኪና ሊብሬ ፎቶ ኮፒ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። የመኪናው ዓይነት በሚለው ላይ ቤድፎርድ፣ የተሠራበት አገር በሚለው ላይ እንግሊዝ ይላል። ዋናው እኔ ዘንድ ነው። ማየት የሚፈልግ ካለ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ያገኘኛል።

ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቅ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ