የዎርዚንጉ ሆቴል ወረቀቶች ይፈለጉልን

ይድረስ በለንደን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የጠፋ ሆቴል ነው። ዋርንስ ይባል ነበር። በደቡብ እንግሊዝ፣ ዎርዚንግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ የቆመ ትልቅ ሆቴል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ተሰደው ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ ባዝ ከተማ ከመግባታቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ እዚያ አርፈዋል።

ባዝን ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሡ የኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ ዛሬም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል። ዎርዚንግን ግን ማን ያነሳታል?

ሆቴሉን የከፈተው ጆርጅ ዋርን የሚባል መኪና ወዳድ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1899 ነው። መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ባለመኪኖች እዚያ ይሰባሰቡ ነበር። በኋላ ሆቴሉ ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ እሳት በላው። አሁን ቦታው ላይ አፓርታማ ቆሟል።

ግንቡ ሄዷል። ወረቀቱ ግን ሊተርፍ ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ትንንሹ ነገር ነው። ከንጉሡ ጋር እነማን አረፉ? በጾም ቀን ከሆቴሉ ወጥ ቤት ምን ወጣላቸው? ሒሳቡንስ ማን ከፈለ? በስደቱ ዘመን ገንዘብ እንዳጠራቸው የታወቀ ነው። አገሩን የተነጠቀ ንጉሥ፣ ሌላው ሰው ለሽርሽር በሚመጣበት ባሕር ዳር ቀኑን እንዴት ዋለ? አንድ የእንግዳ መዝገብ ወይም አንድ ደረሰኝ ብዙ ይነግረናል።

እባካችሁ ፍለጋውን ከራሳችሁ ቤት ጀምሩት። ያኔ ለንደን የነበሩት ሚኒስትራችን፣ ማለትም የአገራችን መልእክተኛ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የሌጋሲዮኑ (የያኔው ኤምባሲ) የ1936 ደብዳቤዎች በእጃችሁ ካሉ ይገላበጡ። ቀጥሎ ለዎርዚንግ ሙዚየምና ቺቸስተር ላለው የምዕራብ ሳሴክስ መዝገብ ቤት ጻፉልን። የኤምባሲ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከአንድ ግለሰብ ጥያቄ የበለጠ ይሰማል።

በአካባቢው ጋዜጣም ማስታወቂያ ይውጣ። ያኔ አልጋ ያነጠፉና ምግብ ያቀረቡ ሠራተኞች ልጆች ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋል። የወላጆቻቸው ፎቶ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጠርጎ ሳይጣል ልንደርስበት ይገባል።

የሚገኘው ሁሉ ቅጂው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይግባ፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ያንብበው። ለፍለጋው ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእንግሊዝ አገር ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ