አንዲቱን ቀን ማን በላት?

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018

ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እንደ ደንቡ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል አልኩና ብዕሩን አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው ስለ ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል?

ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር። ነሐሴ 2014 የላክሁልሽ ካላንደር ከግድግዳሽ ካልወረደ የመጨረሻውን ቅጠል ገልጠሽ እይው። የ2015 ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ስድስት መሆን ነበረባት። አንቺ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደውለሽ «አንዲቱን ቀን ማን በላት?» እያልሽ ስትስቂ፣ ካላንደሩን ያሳተመው ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነበር። ስልኩን ዘጋሁብሽ። መልሼ ልደውል ስል አፈርኩ፤ የአንድ ቀን ሐፍረት ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት ወለደ።

ባለፈው እህትሽን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋትና የዋርድ ኃላፊ ነርስ መሆንሽን ነገረችኝ። «አሥራ አንድ ሰው እጄ ላይ ወድቋል፤ እንዴት እንደምይዛቸው ጨንቆኛል» ብለሻል አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ። የምነግርሽ ነገር ቢኖር ያው ከዚያ ካላንደር የተማርኩት ነው።

የማተሚያ ቤታችንን የምርት ክፍል በኃላፊነት ስረከብ መሪ ማለት ከሁሉ በላይ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ ወረቀት እሸከማለሁ፣ ቆረጣው ላይ እቆማለሁ፣ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ በመሐል እጮኻለሁ። ጉልበቴ ወደ ሠራተኞቹ ይጋባል ብዬ አምን ነበር፤ ተጋብቷልም። ግን ሁሉም የሚሮጠው እኔ መጨረሻ ወደ ጮኽኩበት ነበር። ጠዋት ደብተር አንገብጋቢ ነው እላለሁ፣ ረፋድ ላይ የሰርግ ካርድ፣ ከሰዓት በኋላ ካላንደር። ክረምት ለእኛ መኸር ነው፤ መስከረም ሳይጠባ ያልወጣ ካላንደር ደግሞ መጠቅለያ ከመሆን አያልፍም።

ዲዛይን የሚሠራው ልጅ የ2014ን ፋይል ከፍቶ ቀኖቹን አሸጋሸገ፤ ጳጉሜንን እንዳለች ተዋት። የማረሚያውን ቅጂ አምጥቶ ሲሰጠኝ ስልክ በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ ቆሜ ፈረምኩ። ፊርማዬ ዛሬም አለ፤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አራት ሺህ ቅጂ ታተመ።

ከደንበኛው ጋር የመጨረሻውን ቅጠል በኪሳራችን ደግመን ልናትም ተስማማን። በዚያ ሌሊት ስፒራሉን ከእያንዳንዱ ካላንደር እየፈታን ሳለ፣ ከጠራዦቹ ሁሉ ታናሿ አንገቷን ሳታነሣ «እኔ እኮ አይቼው ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ቅጠሉን ስደረድር። ልነግርዎት መጥቼ ‹አሁን አይደለም፣ እጅሽን አፍጥኚ› አሉኝ።»

እኔ ማለቴን አላስታውስም። እሷ ግን የቆምኩበትን ቦታ ሳይቀር ታስታውሳለች።

የማሽን ሠራተኛችንን፣ ያንን ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ታውቂዋለሽ። ባለ አራት ቀለም ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ማሽኑን ያዘግመዋል። ጥቂት ወረቀት ያወጣና ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ መስቀሎች በአጉሊ መነጽር ያያል። ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ አንዱ ባንዱ ላይ ካልተገጠሙ፣ ፀጉር ታክል ፈቀቅ ካሉ፣ የሰው ፊት ሁለት ከንፈር ያወጣል። እሱም ብሎኑን ነካ ያደርግና ደግሞ ያያል። መስቀሎቹ አንድ ሲሆኑለት ነው ፍጥነቱን የሚለቀው፤ ያኔ ማን ይይዘዋል! አሥር ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ «ቶሎ በል» ከማለት በቀር ያተረፍኩት ነገር አልነበረም።

ፒያሳን አሁን ብታዪያት ግራ ትጋቢያለሽ። ማኪያቶ የምንጠጣበት ሰፈር የለም፤ እኛም ወደ ሜክሲኮ ወርደናል። የዓድዋ መታሰቢያ በየካቲት 2016 ከተከፈተ በኋላ አንድ እሑድ ሠራተኞቹን ይዤ ሄድኩ። እነሱ ፎቶ ሲነሡ እኔ ልጅ ሳለን በቃላችን የያዝነውን የምኒልክን የክተት አዋጅ በልቤ ስወጣ ስወርድ ቆየሁ። የመስከረም 1888ቱን ማለቴ ነው። ስለ አገርና ስለ ሃይማኖት ተናግሮ ልብ ካሞቀ በኋላ ለሁሉም ድርሻውን ይሰጣል፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ ይርዳኝ ይላል። ከዚያ ለሸዋ ሰው «እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል። የት? ወረኢሉ። መቼ? ጥቅምት እኩሌታ። እኔ ክረምቱን ሙሉ ስጮኽ ወረኢሉዬ የት እንደሆነ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። በቤቱ ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው እንደሌለም አልታየኝም፤ ያቺ ልጅ ዓይን እንዳላት እንኳ አላወቅሁም።

አሁን ጠዋት ማሽን ሳይነሣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ለሰባት ደቂቃ እንቆማለን። አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ዛሬ ምን እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ። ከሥሩ ሁልጊዜ የማትጠፋ መስመር አለች፦ «የተጠራጠረ ያስቁም።» መጀመሪያ ማንም አላስቆመም። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ተሸካሚያችን እጁን አነሣ። ጥቅሉ ላይ 80 ግራም ይላል፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 100 ነው። ማሽኑ ቆመ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፊቱን አጠቆረ፤ እኔ ግን ሰውዬውን በሁሉም ፊት አመሰገንኩት፣ ምሳም ጋበዝኩት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ያለ ምክንያትም ያስቆማሉ። ይሁን፤ ከአራት ሺህ ጳጉሜን ይሻላል። ጩኸቴ ግን ፈጽሞ ለቀቀኝ እንዳትዪ፤ ሐሙስ ዕለት ቆራጩ ላይ ጮኼ ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስለ ሕክምና የማውቀው የለኝም። ግን የሌሊቷ ተረኛ ለቀኗ ስታስረክብ እዚያ ቁሚ፤ አትናገሪ፣ ስሚ ብቻ። የምታጸዳዋንም ሴት ሌሊት ምን እንዳየች ጠይቂያት። ስትመልስልሽ ደግሞ ስልክሽን አታንሺ፤ ይህን የምልሽ የፈረምኩበት ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ስላለ ነው።

2019 ዓ.ም. እንደገና ዘመነ ሉቃስ ነው። ካላንደሩን የምናትመው በመጪው ክረምት ቢሆንም ሰሌዳው ጥግ ላይ ከአሁኑ «ጳጉሜን 6» የሚል ተጽፏል። የእኔ እጅ ጽሑፍ አይደለም፤ የታናሿ ጠራዥ ነው። አሁን የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት። የመጀመሪያውን ቅጂ ለአንቺ እልካለሁ፤ እስከዚያ ግን ደውዪልኝ፣ አልዘጋብሽም።

ያንቺው