ከደሴ ቤተሰባችን የቀረበ የምስጋና መልእክት
ለተከበራችሁ ጎረቤቶቻችንና ወዳጅ ዘመዶቻችን፣

ለወንድማችን ሠርግ ከቨርጂኒያ የመጣችው እህታችን ሌሊት ሰውነቷን ሽፍታ ወርሶት፣ ከንፈሯ አብጦ ትንፋሽ ባጠራት ጊዜ ከእንቅልፋችሁ ተነሥታችሁ ለደረሳችሁልን፣ በተለይም በባጃጁ ወደ ሆስፒታል ላጣደፈን የሰፈራችን ልጅና የአድሬናሊኑን መርፌ ሳይዘገዩ ለወጓት ሐኪሞች ቤተሰባችን ከልብ የመነጨ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሕመሟ አልፋ ጋል ሲንድረም ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ሎን ስታር የተባለው መዥገር ከነከሰ በኋላ የሚከሠት አለርጂ ሲሆን፣ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፣ ለአንዳንዱም ወተት፣ አይስማማም፤ ዶሮና ዓሣ ግን አይከለከሉም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ስለሚመጣ የእራት ጠንቅ እኩለ ሌሊት ላይ ይወጣል። እሷን የጣላት ደግሞ ሥጋ ሳይሆን ከእራት በኋላ የቀረበ የታሸገ ጄሊ ነበር፤ የሚያረጋው ጀላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራልና።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ያደረጋችሁት ነው። የሸዋ በሩ ባለሱቅ ወንድማችን ለሠርጉ ያዘዝነውን ጣፋጭ በሙሉ ከመደርደሪያው አወረደ፤ ፋርማሲ የምታጠናው የአክስታችን ልጅ ደግሞ በስልኳ መብራት የብስኩቱን፣ የዋፈሩንና የማርሽማሎውን ደቃቅ ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበች። ጀላቲን ወይም የጀላቲን መለያ ቁጥር የሆነው ኢ441 የተጻፈበት ወዲያው ተገለለ፤ ፔክቲንና አጋር የተባሉት ማርጊያዎች ግን ከፍራፍሬና ከባሕር አረም ስለሚገኙ አለፉ። ያከራከረው ዘይትና ውሃን የሚያዋሕደው ኢ471 የተባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ነበር፤ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ስለሚችል ማሸጊያው ምንጩን ካልገለጸ በዓይን አይለይም። ባለሱቁ ለአከፋፋዩ ደጋግሞ ደወለ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ያላገኘበትን «አብሽሩ፣ ይቅር» ብሎ ወደ መጋዘኑ መለሰ። ኪሳራውን እንካፈል ብንለው ተቆጣን።

ሐላል የሚለው ምልክት ብቻውን እንደማይበቃ ያስገነዘቡን ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ጀላቲኑ በሥርዓቱ ከታረደ በሬ ከሆነ ለሙስሊሙ የተፈቀደ ቢሆንም ለእህታችን ያው መርዝ ነው። የጾም የተባለውም ቢሆን ወተትና ቅቤ የለውም ማለት እንጂ የማርጊያው ምንጭ ተጣርቷል ማለት አይደለም። የሙሽራዋ እናት በመጨረሻ ማሸጊያ ማንበቡን ለወጣቶቹ ትተው በዱቄት፣ በስኳር፣ በዘይትና በሙዝ ኬክ ጋገሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከታሸገው ሁሉ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው።

እህታችን ሠርጉን በጤና ውላ ቨርጂኒያ በሰላም ገብታለች። የአክስታችን ልጅ የጻፈችው የንጥረ ነገር ዝርዝር በሱቁ መደርደሪያ ጎን ተለጥፏል፤ ለመጪው ዓመት ጉብኝቷ ስለሚያስፈልገን እንዳይነሣ አደራ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ቤተሰቡ፣ ደሴ