ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወሰድ ውሻ የሚጠጣው ውኃ ከቤት ይያዝለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ውሻን በመኪና ይዞ ባሕር ዳርቻ ደርሶ ስለመመለስ በመዝናኛ ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ስለ መንገዱና ስለ ማረፊያው የተባለው ጥሩ ነው። ስለ ውሻው ግን ውኃና ምግብ መያዝ እንዳይረሳ ከማሳሰብ ያለፈ ነገር አላገኘንበትም። እኛ በእንስሳት ሕክምና ላይ የተሰማራን ሰዎች ነን፤ ይህ ክፍተት ያሳስበናል። ረጅም ጉዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ሐኪም ያማክራል። ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ያሰበ ሰው ግን ውሻውን የኋላ ወንበር ላይ ያወጣና ሞተር ያስነሳል። ውሻን የሚጎዱት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅባቸውም።

ከሁሉ በፊት የባሕሩን ውኃ እናንሳ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ እሱ ነውና። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው ከወሰደ የመመረዝ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ 4 ግራም አካባቢ ሲደርስ ሊሞት ይችላል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የመጀመሪያው ደረጃ 20 ግራም ጨው ማለት ነው፤ ይህም 600 ሚሊ ሊትር በማይሞላ የባሕር ውኃ ውስጥ ይገኛል። ማንም ውሻ ይህን ያህል አይጠጣም የሚል ካለ ኳስ ሲያመጣ ልብ ብሎ ይመልከተው። ኳስ ነክሶ የሚዋኝ ውሻ አፉን መግጠም አይችልም። ሞገዱ በከንፈሩ ጥግ ይገባል፣ ኳሱ ምላሱን ስለሚይዘው መልሶ መትፋት ይቸግረዋል፣ ስለዚህ ይውጠዋል። በአንድ ምልልስ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢውጥ በ20 ምልልስ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጨዋታ የሚወድ ውሻ ደግሞ 20 ጊዜ መመላለስ ምኑም አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በኳስ ፈንታ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ መጫወቻ ይወርወርለት፤ አፉን ብዙ ስለማያስከፍተው የሚገባው ውኃ ይቀንሳል። በየ15 ደቂቃው ከውኃው አውጥቶ ጥላ ሥር ማሳረፍና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ያስፈልጋል። ውሻ የባሕር ውኃ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ስለጠማው ነው፤ በቅርቡ ጥሩ ውኃ ካለ ወደ ጨዋማው አይሄድም። ከመኪናው ርቆ የተቀመጠ ጀሪካን እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሳህኑና ውኃው አሸዋው ላይ፣ ውሻው በሚያየው ቦታ ይሁኑ።

ከቤት የሚያዘው መጠንም በግምት መሆን የለበትም። ውሻ በአዘቦት ቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ በሙቀትና በሩጫ ይህ እጥፍ ሊሆን፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለመጠጥ 3 ሊትር፣ ለማጠቢያ ደግሞ ቢያንስ 5 ሊትር ለብቻው ይያዝ። ሁለቱ በአንድ ጀሪካን ከሆኑ ማጠቢያው መጠጡን ይጨርሰዋል።

ብዙ የባሕር ውኃ የዋጠ ውሻ መጀመሪያ የሚይዘው ቀጭን ተቅማጥ ነው፤ አንጀት ውስጥ የገባው ጨው ከሰውነት ውኃ ይስባልና። ተቅማጡ ብቻውን ከሆነና ውሻው ንቁ ከሆነ ከባሕሩ አርቆ ንጹሕ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይበቃል። ካስመለሰ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ከደነዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። በዚህ ጊዜ ባለቤቶች ከድንጋጤ ብዛት ውሻውን በውኃ ሊያጥለቀልቁት ይሞክራሉ። በደም ውስጥ ከፍ ያለ ጨው በድንገት ሲወርድ አንጎል ስለሚያብጥ፣ ማስተካከያው ደም እየተመረመረ በዝግታ የሚሰጥ ሕክምና ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። የባሕር ዳርቻ ነፋስ ሰውን ስለሚያቀዘቅዝ ውሻውም የተመቸው ይመስላል። ውሻ ግን እንደ ሰው በቆዳው አያልብም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ፣ ከምላሱና ከመተንፈሻ ቱቦው በሚተነው እርጥበት ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት በተሞላበት ስፍራ ትነቱ ይቀንሳል፤ ማለክለኩ ይበረታል እንጂ ሙቀቱ አይወርድም። ፓግና ቡልዶግን የመሳሰሉ አፍንጫቸው አጭር የሆኑ፣ ወፍራሞችና አረጋውያን ውሾች ቀድመው ይወድቃሉ። ለእነዚህ እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር መዋል አይመከርም፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሻላቸዋል።

የቆመ መኪና ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ውሻ አይተው። ውጪው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ መኪናው ውስጥ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ዲግሪ ይደርሳል። ውጪው 32 ከሆነ በ10 ደቂቃ 43 ነው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይህን ብዙም አይለውጠውም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ምግብ ሊገዛ ሲገባ ሌላው ከውሻው ጋር ይቆይ፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚበላውን ከቤት ይዞ ይውጣ።

የጤናማ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ40.5 ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። ማለክለኩ የማይቆም፣ ልጋጉ የወፈረ፣ ድዱ ከወትሮው የቀላ፣ እግሩ የዛለ ውሻ በሙቀት ተመትቷል። ይህን ጊዜ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መኪና ላይ ጭኖ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ጥላ ሥር አድርጎ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ ያስፈልጋል፤ ሌላ ከሌለ የባሕሩ ውኃም ለማፍሰስ ይሆናል፣ ለማጠጣት ግን አይሆንም። ርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ፎጣው ከገላው ሙቀት ይወስድና ራሱ ይሞቃል፣ ከዚያም ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ስለ መኪናው ጉዞ አጠር አድርገን እንለፍ። ውሻው በኋላ ወንበር፣ በደረት ማሰሪያና ከቀበቶው ጋር በሚያያዝ አጭር ጠፍር ይታሰር። ጠፍሩ እንዲቀመጥና እንዲተኛ ይፍቀድለት፣ ወደ ፊት ወንበር እንዲሻገር ግን አይፍቀድ። በአንገቱ ማሰሪያ ማሰር በድንገተኛ ፍሬን አንገቱን ሊሰብረው ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ፣ ያልታሰረ 30 ኪሎ ውሻ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል፤ የመታው ነገር በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢያቆመው ምቱ የ400 ኪሎ ሸክም ያህል ይከብዳል። ኤርባግ ያለበት የፊት ወንበር ለውሻ አይሆንም። ራሱን በመስኮት ማውጣትም ይቅር፤ አቧራና ጠጠር ዓይኑን ይጎዳል።

የመጨረሻው ምግብ ከመነሳት 3 ወይም 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ይሰጠው። ደጋግሞ ማዛጋት፣ ከንፈር መላስና ልጋግ ማዝረብረብ ሊያስመልሰው መሆኑን ያመለክታሉ። ይህ ቡችሎች ላይ ይበልጥ የሚታየው የሚዛን መጠበቂያ የሆነው የውስጥ ጆሯቸው ገና ስላልጠነከረ ነው። ሐኪም ማሮፒታንት የተባለውን የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት ካዘዘ ከጉዞው ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ክልክል ነው። በየሁለት ሰዓቱ ቆም ማለት ጥሩ ነው። ነገር ግን ውሻ ከሚጠፋባቸው ጊዜያት አንዱ ይኸው የእረፍት ቆይታ ነው፤ በሩ ሳይከፈት የእጅ ገመዱ መያያዝ አለበት።

ባሕሩ ዳር ሲደረስ መጀመሪያ ውሻ የተፈቀደበት ቦታና ወቅት ይጠየቅ፤ ወፎችና ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ ብዙ ዳርቻዎች ለውሻ ይዘጋሉ። አሸዋውን በእጅ ጀርባ 7 ሰከንድ መንካት ካቃታችሁ ለመዳፉም አይሆንም። ውኃ ያረጠበው ጠንካራው አሸዋ ከደረቁ ይሻላል፤ ደረቁ እግሩን እያሰመጠ ጅማቱን ያደክማል። ውሻው ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ውስጥ በሚስብ ወራጅ ሞገድ ከተወሰደ ተከትሎ መግባት ለሰውየውም ሞት ሊሆን ይችላል። ይልቅ በዳርቻው ወደ ጎን እየተራመዱ፣ ሊወጣ ከሚችልበት ቦታ ቆሞ መጥራት ነው፤ ውሻ ወደ ባለቤቱ ድምፅ ስለሚዋኝ ከሞገዱ መስመር ወደ ጎን ይወጣል። ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ላይፍ ጃኬት ለዚህ ይጠቅማል።

ሞገድ የጣለው ነገር ሁሉ ለውሻ ምግብ ይመስለዋል። የሞተ ወፍ የወፍ ጉንፋን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሲነካ የሚነፋው ዓሣ መርዙ ሞቶም አይጠፋም። የዓሣ መንጠቆ ከዋጠና ክሩ ከአፉ ከወጣ ክሩን ፈጽሞ አትጎትቱ፤ አሥራችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ክር መሰል መንደፊያ ያለው የባሕር እንስሳ ጄሊፊሽ ከነደፈው የተጣበቀውን ክር በወረንጦ አንስቶ በባሕር ውኃ ማጠብ ነው። በንጹሕ ውኃ ማጠብም ሆነ ማሸት ገና ያልተተኮሱትን መርዛማ ሕዋሳት ያስተኩሳቸዋል።

ለመመለስ ሲዘጋጁ ማሰሪያው በሙሉ ይውለቅና ውሻው ከአንገቱ ጀምሮ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ብብቱ፣ የሆዱ ሥርና የጣቶቹ መካከል ይፈተሽ፤ እዚያ የቀረ ጨው ሲደርቅ ያሳክከዋል፣ ሲልሰው ደግሞ ተጨማሪ ጨው ይወስዳል። ጆሮው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። የረጠበ የደረት ማሰሪያ መልሶ ማልበስ ብብቱን ይልጣል፤ ለመልስ ጉዞ ደረቅ መቀየሪያ ይኑር። የገመዱ ማያያዣ መንጠቆ ለብቻው ይታይ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ምላስ በስፕሪንግ የምትመለስ ናት፤ ጨውና አሸዋ ሲገባባት ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋ ትቀራለች። ከላይ ሲያዩዋት የተዘጋች ትመስላለች፤ ውሻው አንዴ ሲጎትት ግን ይለቃል። በንጹሕ ውኃ እየከፈቱና እየዘጉ አጥቦ፣ ከደረቀች በኋላ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይበቃታል።

በመልስ ጉዞ ውሻ ይተኛል፤ ደክሞታልና። ሆኖም በየማረፊያው ይቀስቀስ። ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ? ድዱ ርጥብ ነው ወይ? ውኃ ሲሰጠው ይይዝለታል ወይ? አሸዋ የዋጠ ውሻ ምልክቱ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ያስመልሳል፣ ሆዱን ሲነኩት ይሸሻል፣ አይጸዳም። ሐኪም ዘንድ ሲደረስ በቅድሚያ ባሕር ዳር ውሎ እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደገባና ምን ሲጫወት እንደነበር ይነገር። ሐኪሙ በደሙ ውስጥ ያለውን ሶዲየም (የጨው መጠን) ለመለካት ወይም አሸዋውን በራጅ ለማየት የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በእንስሳት ሕክምና የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ