ጉማሬም ቢሆን ንገሩን

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወንዝ ዳር የሚገኙ ቅሪተ አካሎችን የሚለይልን ሰው እንዲመደብልን ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

በአዋሽ ተፋሰስ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ወንዙ ዳር ድንጋይ የሚመስሉ አጥንቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ያገኟቸዋል። አሸዋ የሚጭኑ ወጣቶችም ያገኟቸዋል። ከዚያ ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል፤ «ቲቸር፣ ይሄ የምን አጥንት ነው?»

እኔ የቅሪተ አካል ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ፎቶውን ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ያገኘሁት መልስ አጭር ነበር፤ «የሰው ከሆነ አሳውቁን፣ የእንስሳ ከሆነ ተዉት።» ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ ሥራ በዝቶበት ነበር። ግን እስቲ አስቡት። የሰው ይሁን የእንስሳ ብናውቅማ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?

ቢሮውን ልከስ አልመጣሁም። መልሱ ግን ሁለት ነገር ይዟል፤ ሁለቱም ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ አጥንቱን ማንም አይቶ ይለየዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የእንስሳ ከሆነ ዋጋ የለውም የሚለው።

ሙሉ አጥንት ቢሆን ለባዮሎጂ መምህር ብዙም አያስቸግርም። ወንዝ ያንከባለለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃው ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር እያጋጨ ጠርዙን ይበላዋል። ጡንቻና ጅማት የሚይዙባቸው ጉብታዎች ይጠፋሉ። መገጣጠሚያው ተፍቆ የውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ክፍል ይወጣል። በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው ለስላሳ፣ ጠቆር ወይም ቡናማ ያለ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ቁራጭ ነው። ድንጋይ ነው ብሎ የወረወረው ሰው አይፈረድበትም። ሁለቱም ጫፎቹ ያለቁ የረጅም አጥንት ቁራጭ ከሆነማ፣ ባለሙያም ቢሆን ላቦራቶሪ አስገብቶ ካላየው በቀር አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ደግሞ ውሃ አጥንትን ሁሉ እኩል አይወስድም። የጎድንና የአከርካሪ አጥንት ቀድመው ይሄዳሉ። የእግርና የእጅ ረጃጅም አጥንቶች ይከተላሉ። የራስ ቅልና የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ደለል ላይ ተጠጋግተው የተገኙ አጥንቶች የአንድ እንስሳ ላይሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። ቁርጥራጮቹን ገጣጥመው አንድ ትልቅ አውሬ መሥራት ነበር ያማራቸው።

እንዲያም ሆኖ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ጥርስ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ባለቤቱንም ይናገራል። የጉማሬ መንጋጋ ጥርስ ሲያልቅ ገጹ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ የኤናሜል (የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን) ቅርጽ ይወጣል። የዝሆን መንጋጋ ጥርስ ቀጫጭን ንጣፎች ተደርድረው የተጣበቁበት ነው። የአዞ የጀርባ አጥንት ሳህኖች ላያቸው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። የአምባዛ የራስ ቅል ሻካራ ነው፣ ጥቃቅን እባጮች አሉት። የቁርጭምጭሚት አጥንትም ትንሽና ጠጣር ስለሆነ ከብዙ መንከባለል ይተርፋል። ይህን ሁሉ ፎቶ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ሊያስተምረን ይችላል። እዚህ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ የእንስሳ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ወንዝ ዳር የሚገኘውም በአብዛኛው የእንስሳ ነው።

«የእንስሳ ከሆነ ተዉት» የሚለውን የኦሞ አሳማዎች ቢሰሙ ይስቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ፣ ኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ኩቢ ፎራ በሚባል ቦታ የአንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ አመድ ሥር ደግሞ ዓለምን ያነጋገረ የጥንት ሰው የራስ ቅል ተገኝቷል። የአሳማ ጥርስ ቅርጹ ከዘመን ዘመን ስለሚለወጥ ዕድሜ ይጠቁማል፤ ባሲል ኩክ የሚባሉ ተመራማሪ የኩቢ ፎራን የአሳማ ጥርሶች ከእኛ ኦሞ ከተገኙት ጋር ሲያመሳክሩ ቁጥሩ አልገጠመም። የኩቢ ፎራዎቹ አሳማዎች የሚመስሉት ኦሞ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋው ንብርብር ያሉትን ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አመዱ እንደገና ሲለካ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። የዓለምን ዝነኛ የራስ ቅል ዕድሜ ያስተካከለው የአሳማ ጥርስ ነው። እኛ አካባቢ ቢገኝ ኖሮ «ተዉት» ይባል ነበር።

ቦታውም ከአጥንቱ እኩል ዋጋ አለው። ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኦሞ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኙት የሰው አጥንቶች ዕድሜያቸው ወደ 195,000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን በላያቸው የተነጠፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተመሳክሮ ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ገደማ ከፍ አለ። ዕድሜውን የተናገረው አመዱ ነው። ወንዝ ያንከባለለው አጥንት ደግሞ ከአመዱ ተለያይቷል። የቀረው ፍንጭ የተገኘበት ቦታና ወደ ላይ ያለው ገደል ብቻ ነው። ልጁ አጥንቱን በኪሱ ይዞት ከመጣ ያ ፍንጭም አብሮ ጠፋ። ተማሪዎቼን «አታንሱት፣ ፎቶ አንሱት፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ» የምላቸው ለዚህ ነው። ይሰሙኛል። ፎቶውን ማን ጋ እንደምልከው ግን አላውቅም።

ተራ ሰው ምን ያገኛል የሚል ካለ፣ ሚሌ አካባቢ ወራንሶ ላይ የሆነውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የጥንት የሰው ዘመድ የራስ ቅል የላይኛው መንጋጋ መጀመሪያ ያየው አሊ በሬይኖ የሚባል የአካባቢው አፋር ነው። የቀረው የራስ ቅል ክፍል የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የጥንት ሰዎች ቅርስ የሚገኝበትን መልካ ቁንጡሬንም እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኙት ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ እንጂ የአጥንት ተመራማሪ አልነበሩም። አሊ ግን አንድ ዕድል ነበረው። የሚነግራቸው ተመራማሪዎች በአካባቢው ነበሩ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቡድን የለም።

ሕጉን አንብቤያለሁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል። ተገቢ ሽልማትና ያወጣውን ወጪም ያስብለታል። ጥሩ ሕግ ነው። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ አግኚው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ሊወርድ ይችላል። ለሕንፃ መሠረት ቁፋሮ ስድስት ወር ይበቃ ይሆናል። ለወንዝ ዳር አይበቃም። መጋቢት ላይ የታየ አጥንት መስከረም ላይ የለም፤ በመሐል ሐምሌና ነሐሴ አሉ። ሰኔ ላይ የሚደርስ መልስ ነው የምንፈልገው።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ይፈራል። «ለመንግሥት ካሳወቅሁ የት አገኘኸው፣ ሌላ የት ደበቅህ እባላለሁ» የሚል ብዙ ነው። መሬቴ ይታጠርብኛል የሚልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ዶላር የሚያወጣ መስሎት ቤቱ ይሸሽገዋል። ይህን ሁሉ ስብሰባ ጠርታችሁ ከምታስረዱን ይልቅ አንድ ጊዜ መልስ ብትሰጡ የበለጠ ይሠራል። ልጁ የላከው ፎቶ የጉማሬ ጥርስ ቢሆን እንኳ «የጉማሬ ጥርስ ነው፣ በርታ፣ ባለበት ተወው» ተብሎ ቢመለስለት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያየውንም ይልካል። መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም። የምለምነው በአብዛኛው ይህንኑ ነው፤ ጉማሬም ቢሆን ንገሩን።

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንድ የስልክ ቁጥር ይኑር፣ ቴሌግራም ያለው ቢሆን ይመረጣል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያሉት ባለሙያዎች በየሳምንቱ ትንሽ ጊዜ ሰጥተው ፎቶዎቹን ይዩ። ከዚያ ውስጥ መታየት ያለበት ካለ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይደወል፤ አንድ ሰው ሄዶ ቦታውን ይመዝግብ። የፎቶ ወረቀቱም በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ፣ ለኦሞ ሰዎችም በየቋንቋቸው ይዘጋጅ። ለትምህርት ቤቶች ብትልኩት ማባዛቱን እኛው እንችላለን። የሚዛወር የወረዳ ሠራተኛ ብቻ አሠልጥናችሁ እንዳትተዉት እንጂ፤ መምህርና እረኛ ይቆያሉ።

አሁን በእጄ የተማሪዎቼ ፎቶዎች አሉ። የተነሡበት ቀንና ቦታ ተጽፎባቸዋል። አጥንቶቹ እዚያው ናቸው። አንዱ ላይ ጥርስ ያለው መንጋጋ ይታያል፤ እኔ የአሳማ መስሎኛል፣ አንዲት ተማሪዬ ግን የዝንጀሮ ነው ብላ ትከራከረኛለች። የምንልክበትን ቁጥር ክረምቱ ሳይገባ ብታሳውቁን በዚያው ዕለት እንልካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዋሽ ተፋሰስ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር