አለቤን አብራችሁኝ ላስታወሳችሁ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደሴ፣ ግቢያችን ድረስ መጥታችሁ አለቤን አብራችሁኝ ላስታወሳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ያን ማታ በአፌ ማመስገን አልቻልኩም። አይታችሁኛል፤ ማይኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በጽሑፍ ልሞክረው።

አለቤ፣ ኮሜዲያን አለባቸው ተካ፣ በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፍ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን የሥጋ ዘመድ እንደሞተበት ቤት ሆነ። አባቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። የአለቤ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ አለቤ ሾው፣ ሲጀምር ማንም እንዲያወራ አይፈቅድም ነበር። «ይሄ ሰው ሰውን ሳያዋርድ ነው የሚያስቅ» ይላል። እኔም እስካሁን የምወደው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ስሜን እንዳትጠራ ብለውኛል፤ እሺ፣ አልጠራም። የሠሩትን ግን እናገራለሁ።

ኮሜዲያን ልመንህ ታደሰና አለቤ አብረው በቴሌቪዥን ሲቀርቡ፣ አባቴ ቴፑን አስጠግቶ የቀዳው ካሴት ነበረን። በ2014 በጦርነቱ ከደሴ ወጥተን ስንመለስ ቤታችን እንዴት እንደቆየን ታውቃላችሁ። ካሴቱም አብሮ ሄደ። አባቴ ከጠፋው ንብረት ሁሉ እሱን ነበር የሚያነሳው። ሳያገኘው አረፈ።

ጋሼ አለቤን ልናስታውስ መሆኑን ሰምተው ከኮምቦልቻ ደወሉልኝ። «አባትህ ድሮ አንድ ቅጂ ሰጥቶኝ ነበር፤ አለ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ያን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው መጡ፤ ካሴት ማጫወቻ የለውም ብለው የራሳቸውን ቴፕ ጭናቸው ላይ ታቅፈው። ካሴቱ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ገና ስንከፍተው ቴፑ ክሩን በላው። እኔ አበቃ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ክሩን በጣታቸው ጫፍ እየሳቡ አወጡት። የተጨማደደውን በጥፍራቸው አቃኑት። ከዚያ ቢክ እስክሪብቶ ሰክተው ቀስ እያሉ አጠነጠኑት። ቡናው ከአቦል በረካ ሲደርስ እንኳ ቀና አላሉም። ደግሞ እንዳይበላው ብለን ሳንሞክረው ለማታ አቆየነው።

ማታ የሆነውን አብረን ሰማን። አለቤ ተናገረ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ ቀረብ ብሎ ግን አንድ ሌላ ሳቅ አለ፣ መጨረሻው ሳል የሚሆን። የአባቴ ነው። ማይኩን ይዤ የቀረሁት ለዚህ ነው። እናቴ ደግሞ አልቅሳ ስትጨርስ «እስቲ መልሱልኝ» አለች። አራት ጊዜ መለስንላት።

ጋሼ፣ ውለታዎትን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ወንበርና ድንኳን ያቀረባችሁ የእድራችን አባላት፣ ዳቦ የደፋችሁ እናቶች፣ መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተር ተሸክማችሁ የመጣችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ ዱአ ያደረጋችሁልን አባቶች፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ከሸዋ በርም ከፒያሳም በእግራችሁ የመጣችሁ ነበራችሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ አሁንም ልቤ አልተሰበሰበም።

ጋሼ፣ ድምፁን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ካሴቱን እሁድ ኮምቦልቻ ይዤልዎት እመጣለሁ። ያን ቀን ያልጠጡትን ቡና አብረን እንጠጣለን።