607 ላይ የተውነው ሥራ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል እኔንም ያሳፍረኛል። መጀመሪያ መልስ ሳልጽፍልህ አንድ ወር አለፈ። ከዚያ መዘግየቴ አሳፈረኝና ጭራሽ ተውኩት። ሌላ ሰበብ የለኝም። ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ።

ያስጻፈኝ 4,294,967,297 ነው። አስታወስከው? 32 ሁለቶችን አባዝተን 1 የደመርንበት። አንተ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ብለህ ድርቅ አልክ። እኔ ደግሞ አይጠፋም አልኩ። ከዚያ ከ3 ጀምረን ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየወሰድን በእጃችን ማካፈል ያዝን። ሌሊቱ ተጋመሰ። 607 ላይ ስንደርስ «በቃ፣ አሸነፍኩ» ብለህ ደብተሩን ዘጋኸው። እንቅልፌ መጥቶ ስለነበር አልተከራከርኩህም።

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል ያ ደብተር እጄ ገባ። እስቲ ልቀጥል ብዬ ተቀመጥኩ። 613 እምቢ አለ። 617፣ 619፣ 631ም እምቢ። 641 ላይ ቀሪው ዜሮ ሆነ! አላመንኩም፣ ደግሜ አካፈልኩት። 641 ሲባዛ በ6,700,417፣ ልክ ነው። አምስት ማካፈል ብቻ ነበር የቀረን፣ አንተ ሰነፍ!

ግን አትናደድ፤ የተሳሳትከው ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከፌርማ ጋር ነው። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 የሚለውን ሰልፍ ታውቀዋለህ። ከአንዱ 1 ትቀንሳለህ፣ የቀረውን በራሱ ታባዛለህ፣ 1 ትደምራለህ፣ ቀጣዩ ይመጣል። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. የሚከተሉትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልደበቀም። የኛ ቁጥር ስድስተኛው ነው። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር 641ን አውጥቶ እምነቱን አፈረሰው።

እኔን ያስቀናኝ ግን ኦይለር በኋላ ያረጋገጠው አቋራጭ ነው። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ፣ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ከሆነ መፈተን የነበረብን ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ናቸው። አለቀ! እኛ ከመቶ በላይ ቁጥር ስንፈትን አምሽተን ያላገኘነው፣ አምስተኛው ሙከራ ላይ ተቀምጦ ነበር። (607 ራሱ ለ64 ሲካፈል 31 ይተርፈዋል። በከንቱ ነው የደከምንበት።)

ደግሞ 641ን ልብ በለው። 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው። 625 ሲደመር 16ም ነው። ሁለቱን ብቻ ይዘህ፣ ትልቁን ቁጥር ጨርሶ ሳታካፍል፣ 641 እንደሚያካፍለው ማሳየት ትችላለህ። ወረቀት አንሣና ሞክረው፤ አራት መስመር አይሞላም።

ቀጣዩ በሰልፉ 18,446,744,073,709,551,617 ነው። እሱም ብቸኛ አይደለም። አካፋዩን በ1880 አግኝቶ ያሳተመው ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ ያውም በ82 ዓመቱ። ትንሹ አካፋይ ባለ 6 አሃዝ ነው፤ ለ256 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። መልሱን አይቼዋለሁ፣ ግን አልነግርህም። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፣ ባዶ ገጽም ተርፎታል። መቼ ትመጣለህ?

ያው ጠፊው ጓደኛህ